ለረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የንፋስ መከላከያ አመራረጥ

ለረጅም ጉዞ የተሠራ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው መጀመሪያ ሊለውጣቸው ከሚያስባቸው ክፍሎች አንዱ ፋብሪካው የገጠመለት የንፋስ መከላከያ ነው። ፋብሪካው መከላከያውን የሚቀርጸው ለመካከለኛ ቁመት ነው፤ ነጂዎች ግን በቁመት ብቻ ሳይሆን በወገባቸው ርዝመት፣ በአቀማመጣቸው፣ በሚያደርጉት ሄልሜትና በሚጭኑት ዕቃ ጭምር ይለያያሉ። ስለዚህ ለአንዱ የተመቸ መከላከያ ሌላውን ራሱን ሲንጠው፣ አንገቱን ሲያዝለውና ጆሮውን ሲያደነቁረው ይውላል። በዚህ ጊዜ የተለመደው ውሳኔ ከፍ ያለውን መግዛት ነው። እኔ ግን ከፍታ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም እላለሁ። መጠየቅ ያለበት ከመከላከያው የላይኛ ጠርዝ የሚነሣው አየር በነጂው አካል ላይ የት እንደሚያርፍ፣ ሲያርፍም የሰከነ ወይም የታወከ መሆኑ ነው። ይህ ከታወቀ ከፍታው፣ ስፋቱና ቅርጹ ተከትለው ይመጣሉ፤ ካልታወቀ ግን ውድ የተባለው መከላከያም ቢሆን የሚገዛው በዕድል ነው።

ንፋሱ በመንገድ ላይ የሚሠራው

አየር በነጂው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖሩ የሞተር ሳይክል ወዳጆች ይህን በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሊያስተውሉት ይችላሉ። በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 105 ማይል፣ ማለትም 169 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ስካይላይን ድራይቭ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የ469 ማይል ርዝመት ያለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይም ከ45 ማይል በላይ አይፈቅድም። በእነዚህ መንገዶች ላይ ትንሽ መከላከያ እንኳ ይበቃል። ከተራራው በታች በሸለቆው ውስጥ የሚያልፈው አውራ ጎዳና 81 ግን በብዙ ቦታ እስከ 70 ማይል ይፈቅዳል፤ በከባድ መኪናዎችም የተሞላ ነው። በስካይላይን ላይ የነበረው የንፋስ ኃይል እዚያ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የጭነት መኪናዎቹ ከኋላቸው የሚተዉት የታወከ አየርም ይጨመርበታል። መከላከያ መመረጥ ያለበት ነጂው ረጅሙን ሰዓት ለሚያሳልፍበት ፍጥነት ነው። ውብ በሆነው መንገድ ላይ ሞክሮ የወደደውን ሰው አውራ ጎዳናው ሊያሳዝነው ይችላል። የቦታው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ እዚያ የተሞከረ መከላከያ ቆላ ሲወረድ በዚያው ፍጥነት የበለጠ ኃይል ይገጥመዋል።

ከመከላከያው ጀርባ ያለው አየር የቆመ ይመስላል እንጂ አይደለም። በኃይል የሚወርድ ወንዝ ትልቅ ድንጋይ ሲገጥመው ውኃው ከድንጋዩ ኋላ እየዞረ አዙሪት እንደሚሠራ ሁሉ፣ በመከላከያው ጠርዝ ላይ የሚያልፈው አየርም ከጀርባው ግፊቱ ዝቅ ወዳለው ቦታ እየተሳበ ይጠመዘዛል። አዙሪቶቹ እየተፈጠሩና እየተላቀቁ ሲመጡ ሄልሜቱን ወዲያና ወዲህ ይመቱታል፤ እይታ ይደበዝዛል፣ አንገት ይዝላል። ይህን መናጥ ከቀጥተኛ የንፋስ ግፊት ለይቶ ማወቅ የምርጫው ዋና ሥራ ነው። ቀጥተኛ ንፋስ ደረትንና ራስን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ነገር ግን ወጥ ስለሆነ ሰውነት ይለምደዋል። መናጥ አይለመድም። በዚህም ምክንያት ከትከሻ በላይ ወጥ ንፋስ የሚያሳልፍ አጭር መከላከያ፣ አዙሪቱን አገጭ ላይ ከሚጥል ረጅም መከላከያ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድምፁም የጤና ጉዳይ ነው። ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ድምፅ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከ90 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚመከረው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጥሩ መከላከያ ይህን ድምፅ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በረጅም ጉዞ የጆሮ ውታፍ ማድረግ ከየትኛውም መከላከያ ጋር አስፈላጊ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጉዳዩን በአንድ የታወቀ ሞተር ሳይክል ላይ እንመልከተው። ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ከ2004 ሞዴል ጀምሮ የተሸጠ፣ በዋጋውና በጽናቱ የተመሰገነ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ነው፤ ይሁን እንጂ የቀደሙት ሞዴሎቹ መከላከያ ራስን በመናጥ ይታወቃል። ፋብሪካው መከላከያውን በሦስት የከፍታ ደረጃዎች እንዲታሰር አድርጎ ሠርቶታል፤ ነገር ግን ደረጃውን ለመለወጥ ብሎኖቹን መፍታት ስለሚጠይቅ ብዙ ባለቤቶች ከሱቅ እንደወጣ ይተዉታል። የማንኛውም ምርመራ የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ነው፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የመመሪያ መጽሐፉን ከፍተው ፋብሪካው የፈቀደውን ከፍታና ዝንባሌ ሁሉ በየተራ ይሞክሩ። በየደረጃው በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና በተመሳሳይ ልብስ ይንዱ፤ የተሰማዎትንም ወዲያው በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የንፋስ ስሜት ከአንድ ሳምንት በኋላ በትክክል አይታወስምና።

ቀጥሎ ነፋሻ ያልሆነ ቀን መርጠው ቀጥ ባለና ተሽከርካሪ ባልበዛበት መንገድ ላይ በተለመደው የጉዞ ፍጥነትዎ እየነዱ ቀስ ብለው ጎንበስ ይበሉ፤ ከዚያም ከመቀመጫው በጥቂቱ ብድግ ይበሉ። በእያንዳንዱ አቀማመጥ ድምፁንና መናጡን ያስተውሉ። ሦስት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጎንበስ ሲሉ ጸጥታ ካገኙ፣ የመከላከያው ጠርዝ በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት። ብድግ ሲሉ መናጡ ጠፍቶ ወጥ ንፋስ ከተሰማዎ ግን፣ የሚያስፈልግዎ ከአሁኑ የሚያጥር መከላከያ ነው። ሁለተኛው ውጤት ብዙዎች የማይጠብቁት ስለሆነ ሞክረውት እንኳ ለማመን ይቸገራሉ፤ እኔ ግን ከሁሉም ምርመራዎች የበለጠ የምተማመንበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከሻጭ ቃልና ከሌላ ሰው ልምድ ይልቅ የራስዎ አካል በራስዎ ሞተር ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

አየሩ የሚያልፍበትን መንገድ በእጅ መፈለግም ይቻላል። ቀኝ እጅ ጋዙን ስለሚይዝ የግራ እጅዎን መዳፍ ዘርግተው ከመከላከያው ጠርዝ ጀርባ ቀስ እያሉ ከታች ወደ ላይ ያንሡት። በመጀመሪያ ምንም የማይሰማበት ቦታ፣ ቀጥሎ መዳፍን የሚያንቀጠቅጥ ንብርብር፣ ከዚያም ጠንካራና ወጥ የሆነ ንፋስ ያገኛሉ። የሚያንቀጠቅጠው ንብርብር ከሄልሜትዎ አንጻር የት እንዳለ ማወቅ ነው የሚፈለገው። መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ግን ይህን አይሞክሩት።

መከላከያውን ጨርሶ አውልቆ ለአጭር ርቀት መንዳትም ብዙ ያስተምራል። ያለ መከላከያ ደረትዎ ቢገፋም ሄልሜትዎ ጸጥ ካለ የመናጡ ምንጭ መከላከያው ነው። ያለ መከላከያም ራስዎ ከተናጠ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ ምናልባት ግንባሩ ላይ እንደ ባርኔጣ ጥላ ያለው ሄልሜት ንፋሱን እየያዘ ይሆናል፣ ምናልባትም ሄልሜቱ ለራስዎ ሰፍቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ለሄልሜት ቢውል ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከታች የሚመጣው አየር ነው። በፊት ሹካውና በነዳጅ ታንኩ መካከል ባለው ክፍተት ሽቅብ የሚወጣ አየር ከመከላከያው ጀርባ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ለመሙላት ይሮጣል፤ ደረት ላይ መጥቶም ወደ አገጭ ይወጣል። ታንኩ ላይ የሚታሰር ቦርሳ አስቀምጠው ሲነዱ መናጡ ከቀነሰ ችግሩ በከፊል ከታች ነው ማለት ነው፤ መፍትሔውም በሹካው ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ትናንሽ የንፋስ መመለሻዎች እንጂ ትልቅ መከላከያ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ በመከላከያው ሥር ጥቂት አየር ማሳለፍ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ከሥር የሚገባው አየር ከጀርባ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ስለሚሞላ፣ ከላይ የሚያልፈው አየር ወደ ነጂው የመጠምዘዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሃርሊ-ዴቪድሰን በ2014 ሞዴሎቹ በኤሌክትራ ግላይድ የፊት ሽፋን ላይ ከመከላከያው ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር ማስገቢያ የጨመረው ለዚሁ ነው። ለቪ-ስትሮም የሚሸጠው የማድስታድ ማሰሪያም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ መከላከያውን ከፊት ሽፋኑ ለይቶ ክፍተት ይተዋል፣ ዝንባሌውንና ከፍታውንም ለመለወጥ ያስችላል። ይህን ሁሉ ከመግዛትዎ በፊት በታችኞቹ ብሎኖች ላይ የጎማ ወይም የናይለን ሮንዴላ ደርበው፣ ረዘም ያለ ብሎን አስገብተው፣ መከላከያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ማውጣትና ማየት ይችላሉ። በጣት የሚቆጠሩ ሮንዴላዎች መናጡን ካቆሙት ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ቁመትና ስፋት

ምርመራው አዲስ መከላከያ እንደሚያስፈልግ ካረጋገጠ መለካት ይቀጥላል። ሞተር ሳይክሉ በጎን መቆሚያው ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ እርስዎም የጉዞ ጃኬትና ሄልሜት አድርገው፣ ለጉዞ የሚጭኑትን ጭነው መቀመጥ ይኖርብዎታል፤ ከኋላ የሚጫነው ክብደት የኋላውን ሞላ ስለሚጫን የመከላከያውን ዝንባሌ ይለውጣል። ረዳት ሰው ካርቶን ቆርጦ አሁን ባለው መከላከያ ላይ በፕላስተር ይለጥፍና እርስዎ ወደ ፊት አሻግረው ይመልከቱ። ጠርዙ በአፍንጫዎ ጫፍ ትክክል ወይም ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲታይ፣ ዓይንዎም ያለ መከላከያ መንገዱን በቀጥታ ሲያይ፣ ለብዙ ሰዎች የሚስማማው ከፍታ ያ ነው። አየሩ ጠርዙን ሲለቅ ሽቅብ ስለሚሄድ ከአፍንጫ ትይዩ የተነሣው ከሄልሜቱ በላይ ያልፋል። ካርቶኑ ለመለኪያ ብቻ ነው፤ ለጥፈውት አይንዱ።

በመከላከያው ውስጥ አሻግሮ እያዩ መንዳት የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ በብርድ አገር ምርጫቸው ይገባኛል። ነገር ግን የሞተር ሳይክል መከላከያ እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ የለውም። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ፣ ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት በጠብታዎቹና በጭረቶቹ ላይ ሲበተን፣ መንገዱ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ጠርዙ በትክክል በዓይን መስመር ላይ ሲወድቅ ነው፤ መንገዱ በዚያ መስመር ለሁለት ተቆርጦ ይታያል፣ ዓይንም ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከጠርዙ በላይ ማየትን እመክራለሁ። ጥቁር ቀለም የተነከረ መከላከያ ከተፈለገም ከዓይን በታች የሚቀር አጭር ከሆነ ብቻ ነው።

በሻጮች መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁመት ብዙ ሰው ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመከላከያው ገጽ ላይ ከታች እስከ ላይ ነው፤ መከላከያው ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መከላከያ 10 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ጠርዙ ከፍ የሚለው በ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ልክ ወደ ፊትዎ ይቀርባል። ከዚያም በበለጠ ወደ ኋላ የተኛ፣ ከአግድሙ በ30 ዲግሪ ብቻ የተነሣ ከሆነ፣ ከፍ የሚለው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ነጂው የሚቀርበው ግን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ያለዎትን መከላከያ በመካከሉ በገጹ ላይ ለክተው፣ ሻጩም በተመሳሳይ መንገድ መለካቱን ጠይቀው ያነጻጽሩ። የአሜሪካ ሻጮች በኢንች ስለሚጽፉ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር መሆኑንም አይዘንጉ።

ስፋት የሚወሰነው በአየር ጠባይ ነው። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በተራቆተ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ነው። ቀድመው የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ የደነዘዙ ጣቶች ፍሬንና ፍሪሲዮን በትክክል አይዙም። በስካንዲኔቪያ፣ በጀርመን ወይም በሚኒሶታ ለሚነዳ ሰው እጅን የሚሸፍን ሰፊ መከላከያ ዋጋ አለው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በቴክሳስ በጋ ግን ስፋቱ በከተማ ውስጥ ሙቀቱን ያፍናል። ሆኖም ደረቁ አየር ከሰውነት ሙቀት በላይ ሲሆን ንፋሱ ራሱ የሚያቃጥል ስለሚሆን፣ በበረሃ አውራ ጎዳና ላይ መጠነኛ መከላከያ ጥቅም አለው። ለሁለቱም ወቅት የሚነዳ ሰው ሁለት መከላከያ ይዞ ቢቀያይር ከአንድ ዘመናይ መከላከያ ብዙም አይከብደውም።

መሪው ላይ የሚታሰር ወይስ ሻሲው ላይ

ይህን ነጥብ ከምቾት ጋር አያይዘው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። አንዳንድ መከላከያ ከመሪው ወይም ከፊት ሹካው ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ከሞተር ሳይክሉ ሻሲ ጋር። የሃርሊ ኤሌክትራ ግላይድ የፊት ሽፋን ከሹካው ጋር አብሮ ሲዞር፣ የሮድ ግላይድ ግን ሻሲው ላይ ቆሞ መሪው ብቻውን ይዞራል። ከመሪ ጋር የታሰረ መከላከያ የተቀበለውን ንፋስ ሁሉ ወደ መሪው ያስተላልፋል። የጎን ንፋስ ሲመታው ወይም የጭነት መኪና ሲያልፈው መሪውን ይጎትታል፤ በጣም ሰፊና ረጅም ከሆነ በከፍተኛ ፍጥነት ሞተር ሳይክሉ እንዲዋልል ሊያደርግ ይችላል፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ሣጥን ሲኖር ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ መከላከያዎ መሪ ላይ የሚታሰር ከሆነ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ኢንች እንኳ አይጨምሩ፤ ሞተር ሳይክሉን የሠራው ፋብሪካ ስለ መከላከያና ስለ ሣጥን የጻፈውን ማስጠንቀቂያም ያንብቡ።

እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የ2018 እና ከዚያ ወዲህ ሞዴሎች ወይም እንደ ቢኤምደብሊው አርቲ ተከታታይ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚል መከላከያ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ፣ ተለዋጩ ዝቅ ሲል ከሰዓቶቹ ወይም ከመሪው ጋር እንደማይጋጭ፣ ክብደቱም ማንቀሳቀሻውን እንደማያስቸግር ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከቅርጾቹ መካከል ለጀማሪ ቀላል የሚሆነው የሚስተካከለው ዓይነት ነው። የጀርመኑ ኤምአርኤ በላይኛው ጠርዝ ላይ ዝንባሌው የሚለወጥ ትንሽ ክንፍ የያዘ መከላከያ ይሠራል፤ የጣሊያኑ ጂቪ ደግሞ የላይኛው ክፍል በታችኛው ላይ የሚንሸራተትበትን ባለ ሁለት ክፍል መከላከያ ያቀርባል። በአሜሪካ ክሎክ ወርክስ የተባለው ድርጅት ጠርዙ ወደ ላይ የተቀለበሰ ቅርጽ በማቅረብ ይታወቃል፤ የተቀለበሰ ጠርዝ አየሩን በይበልጥ ሽቅብ ስለሚወረውር በአጭር ቁመት የረጅሙን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በምርመራዎ የጎደለዎት ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አሁን ባለዎት መከላከያ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ተጨማሪ ክንፍ ገዝቶ መሞከር ሙሉ መከላከያ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል፤ ካልሠራም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ሥሪቱ

ገበያ ላይ ያሉት በዋናነት ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ከአክሪሊክ፣ ማለትም ብዙዎች ፕሌክሲግላስ ከሚሉት፣ እና ከፖሊካርቦኔት። አክሪሊክ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይን ይችላል፤ ገጹም ሳይሸፈን ከፖሊካርቦኔት ይልቅ ጭረትን ይቋቋማል፤ የተጫረውንም በማለስለሻ ማደስ ይቻላል። ድክመቱ በኃይል ሲመታ መሰንጠቁና መሰባበሩ ነው። ፖሊካርቦኔት ከጎማ ሥር የተወረወረ ጠጠር ሲመታው ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ገጹ ግን በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ ሽፋን ካልተቀባ ቶሎ ይጫራል፤ ከፀሐይ ጨረር ካልተጠበቀም እየቆየ ቢጫ ይሆናል። የተቀባው ሽፋን አንዴ ከተጫረ በማለስለሻ ማደስ አይቻልም፤ ማለስለሱ ሽፋኑን ራሱን ያነሣዋልና። በአውራ ጎዳና ለሚውል፣ በተለይም ጠጠር በሚበዛበት መንገድ ለሚነዳ ሰው፣ ዋጋው ቢበልጥም ሽፋን ያለውን ፖሊካርቦኔት እመርጣለሁ። በከተማና በአጭር ጉዞ ለተወሰነ ሰው አክሪሊክ በቂ ነው። ሻጩ ‘የማይሰበር ፕላስቲክ’ ብሎ ብቻ ከጻፈና ስሙን ካልገለጸ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ውፍረቱም ይታይ። ቀጭን ሉህ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ራሱን የቻለ መናጥ ይፈጥራል፤ ረጅም መከላከያ ሲሆን ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። የእይታ ጥራቱን ለመፈተን መከላከያውን አንሥተው የበር መቃን ወይም በግድግዳ ላይ የተነጠፈ ሸክላ በእርሱ ውስጥ አሻግረው ይዩ፤ ቀጥ ያለው መስመር ከተጣመመ ወይም ከተወላገደ ይመልሱት። ያገለገለ ከሆነ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በብርሃን አስጠግተው ይመርምሩ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ በምንም ዋጋ አይግዙት።

ሕጉን በተመለከተ፣ በጀርመን ተለዋጭ መከላከያ ኤቢኢ (ABE) የሚባለውን የፈቃድ ሰነድ ይዞ መምጣት አለበት፤ ያለበለዚያ በቴክኒክ ምርመራ አስፈትሾ በተሽከርካሪው ሰነድ ላይ ማስመዝገብ ይጠይቃል። በአሜሪካ መከላከያው የፌዴራሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መስፈርት የሚያሟላ መሆኑ መገለጹን ይመልከቱ። መከላከያ ያለው ሞተር ሳይክል ነጂ የዓይን መከላከያ እንዳያደርግ የሚፈቅዱ ግዛቶች ቢኖሩም፣ ፊትን ክፍት አድርጎ መንዳት ጥበብ አይደለም።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

መከላከያው እንደደረሰ በላዩ የተለጠፈውን መሸፈኛ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ሳይልጡ በቦታው አስቀምጠው ቀዳዳዎቹ መገጣጠማቸውን ያረጋግጡ። ቀዳዳዎቹ ከብሎኑ ጥቂት ሰፋ ያሉት ፕላስቲኩ በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲሰበሰብ ቦታ እንዲያገኝ ነው፤ ስለዚህ የጎማውን ማስገቢያና የናይለኑን ሮንዴላ አያስቀሩ። ሁሉንም ብሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ያስይዙ፤ ከዚያ በተቃራኒ ማዕዘን እየተሸጋገሩ ቀስ በቀስ፣ ጎማው ጥቂት እስኪጨመቅ ድረስ ብቻ ያጥብቁ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ከጠጠር ይልቅ ብዙ መከላከያ ይሰነጥቃል። ብሎን እንዳይላቀቅ የሚቀባው ፈሳሽ ማጣበቂያ እዚህ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከአክሪሊክም ሆነ ከፖሊካርቦኔት ጋር ሲነካካ ከቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ያስነሣል። የፍሬን ዘይትና ቤንዚንም እንዲሁ ይጎዱታል።

ከታሰረ በኋላ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ አዙረው ገመዶቹ እንደማይወጠሩ፣ መስተዋቶቹና የእጅ መከላከያዎቹ እንደማይነኩት ይፈትሹ። በመጀመሪያው ቀን ፍጥነቱን በየደረጃው እየጨመሩ ይንዱ፤ መሪው ሲዋልል ከተሰማዎ ጋዙን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ወደ ቤት ተመልሰውም ዝንባሌውን ያስተካክሉ ወይም መከላከያውን ይመልሱ። ከኋላ የሚፈናጠጥ ሰው ካለም ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ለነጂው ጸጥታ የሰጠ ረጅም መከላከያ አዙሪቱን ተሻግሮ በተፈናጣጩ ፊት ላይ ሊጥለው ይችላል፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከነጂው የበለጠ ይናጣል። አብራችሁ የምትጓዙ ከሆነ ሙከራውም አብራችሁ ሆናችሁ የሚደረግ ነው።

ለጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና የጥጥ ወይም የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። የደረቁ ነፍሳትን ከመፈግፈግ በፊት በውኃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ደርበው ያርሷቸው። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ፣ የወረቀት ፎጣና በነዳጅ ማደያ የሚቀመጠው መጥረጊያ አይነኩት። ዝናብን ለማንሸራተት ለመኪና መስታወት የተሠሩ ፈሳሾችም ለፕላስቲክ እንደሚሆኑ በግልጽ ካልተጻፈባቸው አይቀቡ። ክብ ያለ መከላከያ አንዳንድ ጊዜ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ በሰዓቶቹ ፕላስቲክ ላይ ሊያተኩር ስለሚችል፣ ሞተር ሳይክሉ ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ሲቆም በጨርቅ ይሸፈን። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ መልስም ብሎኖቹን አንድ ጊዜ በካቻቢቴ ይፈትሹ፤ አሮጌውን መከላከያና ብሎኖቹንም አዲሱ በብርድም በሙቀትም እስኪፈተን ድረስ ጠቅልለው ያቆዩአቸው።